የሌሊት ሮኬት ፎቶ፦ ሙሉውን የብርሃን ቅስት በአንድ ምስል ለማስቀረት (ከኬፕ ካናቬራል፣ ፍሎሪዳ)

የስፔስኤክስ ሮኬት የሆነው ፋልከን 9 ሌሊት ሲነሳ ፎቶ ለማንሳት ኬፕ ካናቬራል ድረስ የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። ይዞት የሚመለሰው ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ወይ መሐሉ የነደደ (ብርሃን በዝቶበት ዝርዝሩ የጠፋ) ነጭ ጉብታ፣ ወይ ፎከሱ የሳተ ወፍራም መስመር፣ ወይ ጠርዝ ላይ የተቆረጠ ቅስት፣ ወይ ደግሞ ሌንሱ ጤዛ ለብሶ ጭጋግ የዋጠው ሰማይ። አራቱም የሚበላሹት ሮኬቱ ከመነሳቱ በፊት ነው። ሞተሩ ከተቀጣጠለ በኋላ ያላችሁ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ ካሜራውን ለማስተካከል የዘረጋ እጅ ያበላሻል እንጂ አያድንም።

ይህ መመሪያ የሚያወራው ስለ አንድ ዓይነት ፎቶ ነው፦ ሻተሩን (የካሜራውን የብርሃን መዝጊያ) ለደቂቃዎች ከፍቶ የሮኬቱን ጉዞ ከመሬት እስከ ሰማይ እንደ አንድ የብርሃን ቅስት ስለማስቀረት። በትልቅ ቴሌፎቶ ሌንስ ሮኬቱን እየተከተሉ ማንሳት ሌላ ሙያ ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ለጀማሪ ይህኛውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ከካሜራው ጋር የመጣው ተራ ሌንስ ይበቃዋል።

ደረጃ 1፦ ሌሊቱ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አጣሩ

ቀላል ይመስላል፤ ግን አንድ ቀን ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ሁልጊዜ አለ። የማስወንጨፊያ ሰዓት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። ፍሎሪዳ በበጋቸው ከዩቲሲ 4 ሰዓት፣ በክረምታቸው 5 ሰዓት ወደኋላ ነች። «ጁላይ 15፣ 02:15 ዩቲሲ» የሚል ካያችሁ ፍሎሪዳ ላይ ገና ጁላይ 14 ነው፣ ከምሽቱ 10:15 በፈረንጅ፣ በኛ አቆጣጠር 4:15። አዲስ አበባ ያለው ወንድማችሁ በቀጥታ ሥርጭት ሲያየው ደግሞ ጁላይ 15 ከንጋቱ 11:15 ይሆናል።

ሁለተኛው ወጥመድ እኩለ ሌሊት ነው። ፈረንጅ «ቅዳሜ 12:40 ኤኤም» ሲል እኛ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:40 የምንለውን ነው። ቦታው ላይ መገኘት ያለባችሁ ዓርብ ማታ ነው። ስለዚህ፦

1. ሰዓቱን ከአስወንጫፊው ድርጅት ከራሱ ገጽ ውሰዱ።
2. ወደ ፍሎሪዳ ሰዓት ቀይሩና በወረቀት ጻፉ፤ ከጎኑ «የምንሄደው ዓርብ ማታ» ብላችሁ ቀኑን በቃል አስፍሩ።
3. ስልካችሁ ላይ ማንቂያ ስትሞሉ የፈረንጁንና የኛን ሰዓት አታደበላልቁ። አንዱን መርጣችሁ በእሱ ጽኑ።
4. ሰዓቱ በየጊዜው የሚቀያየር ነገር ስለሆነ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እንደገና ተመልከቱ።

ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄዱ በረራዎች የሚነሱት በተወሰነላት ቅጽበት ነው፤ ከዘገዩ ለዚያ ቀን አበቃ። የስታርሊንክ ሳተላይቶችን የሚጭኑት ግን ብዙ ጊዜ የሰዓታት ክፍተት ስላላቸው ወደፊት እየገፉ ሊያመሹ ይችላሉ። የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ምን ያህል ባትሪና ምን ያህል ትዕግሥት እንደምትይዙ ታውቃላችሁ።

ደረጃ 2፦ የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡ

መጀመሪያ ሮኬቱ ከየትኛው ማስወንጨፊያ እንደሚነሳ እወቁ። ፋልከን 9 በብዛት የሚነሳው «ኤስኤልሲ 40» ከሚባለው ነው። የኬኔዲ የጠፈር ማዕከሉ ማስወንጨፊያ 39ኤ ከእሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይገኛል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢለያዩም ፎቶው ላይ አቅጣጫውን ይለውጡታል።

ጄቲ ፓርክ፣ ፖርት ካናቬራል። ከኤስኤልሲ 40 በስተደቡብ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካሜራው ወደ ሰሜን ይዞራል፣ በስተቀኝ ባሕሩ ክፍት ነው። መግቢያ ይከፈልበታል፤ መዝጊያ ሰዓቱንና ለዚያ ሌሊት ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ልብ በሉ፦ ከፊታችሁ ያለው የወደቡ መተላለፊያ ቦይ ነው። ሻተሩ ተከፍቶ ሳለ መርከብ ካለፈ መብራቱ ፎቶው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል።

ታይተስቪል፣ ስፔስ ቪው ፓርክና የወንዙ ዳርቻ። 39ኤ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ኤስኤልሲ 40 ትንሽ ወደ ቀኝ፣ 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትልቁ ጥቅሙ ከፊት ያለው የኢንዲያን ሪቨር ውኃ ነው፤ ነፋስ ከሌለ ቅስቱ ውኃው ላይ ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው የምመክረው ይህን ነው።

ማክስ ብሩወር ድልድይ። እዚያው ታይተስቪል ነው፣ ከፍታው ያጓጓል። እኔ ግን ለዚህ ዓይነት ፎቶ አልመርጠውም። መኪና ባለፈ ቁጥር ድልድዩ ይንቀጠቀጣል፣ ሦስት ደቂቃ የተከፈተ ሻተር ደግሞ ያንን ንቅንቅታ ሁሉ ይመዘግባል።

ፕላያሊንዳ የባሕር ዳርቻ በጣም ቅርብ ስለሆነ ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል። ማታ ዝግ ነው፤ ለሌሊት በረራ አታስቡት።

ድሮን ይዛችሁ አትሂዱ። አካባቢው የተከለከለ የአየር ክልል ነው። በጨለማ ወደ ውኃው ጫፍ ወርዳችሁ ትራይፖድ አትትከሉ፤ በዚያ አገር ረግረግ ዳር አዞ መኖሩ ወሬ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቅስቱ ወዴት እንደሚታጠፍ እወቁ

ተቆርጦ የቀረው ቅስት ሁሉ መነሻው ይህን ደረጃ መዝለል ነው። ሮኬት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ወደ ባሕሩ ያዘነብላል። ወዴት እንደሚያዘነብል የሚወስነው የሚሄድበት ምሕዋር ነው።

ወደ ጠፈር ጣቢያው የሚሄድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይበራል። ከምድር ወገብ በላይ ለሚቀመጡ የመገናኛ ሳተላይቶች ወደ ምሥራቅ ነው። ስታርሊንክ አንዳንዴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አንዳንዴ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄዳል። ፍላይት ክለብ የሚባለው ድረ ገጽ የብዙዎቹን በረራዎች መንገድ በካርታ ያሳያል፤ እሱን ማየት ከግምት ያድናል።

አሁን ይህን ከቆማችሁበት ቦታ ጋር አገናኙት፦

ከጄቲ ፓርክ ወደ ሰሜን ስታዩ፣ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ትንሽ ወደ ቀኝ ታጥፎ ከእናንተ ይርቃል፤ ቅስቱ ጠባብ ነው። ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው ግን በስተቀኛችሁ ሰፋ ብሎ ያልፋል፤ በቀኝ በኩል ብዙ ባዶ ሰማይ ተዉለት።

ከታይተስቪል ወደ ምሥራቅ ስታዩ፣ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄደው ወደ ግራ፣ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በቀጥታ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጀርባውን ሰጥቷችሁ ስለሚርቅ ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ የሚወርድ ይመስላል። አልወደቀም፤ ሻተሩን አትዝጉ።

ከፍታውን ለመገመት እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን አድማስ ላይ አኑሩ። አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ቅስቱ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ጡጫ ባለው ውስጥ ይጠቃለላል፤ ለጥንቃቄ ስድስት ጡጫ ቦታ ተዉ።

ለሌንስ፦ ሙሉ ፍሬም ሴንሰር ላለው ካሜራ ከ16 እስከ 24 ሚሊ ሜትር፣ ለኤፒኤስሲ (አነስ ያለ ሴንሰር ላለው) ካሜራ ከ10 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ይስማማል። ያላችሁ 18–55 ብቻ ከሆነ 18 ላይ አድርጉትና ካሜራውን በቁመቱ አቁሙት። ጠባቡ ቅስት ይገባል፣ ሰፊው ግን ላይገባ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ወደ ኋላ ራቅ ያለ ቦታ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ ዕቃችሁን ሰብስቡ

የማይወላወል ትራይፖድ። ቁልፍ ያለው የገመድ ሪሞት ወይም ኢንተርቫሎሜትር (ሻተሩን በሰዓት ቆጥሮ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያ)። ሁለት የተሞላ ባትሪ። ባዶ ሚሞሪ ካርድ። ሌንሱን የሚያስር ፕላስተር። የእጅ ማሞቂያ ከረጢትና ወፍራም ላስቲክ። ቀይ ብርሃን ያለው የራስ ባትሪ። መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ካርቶን። የትንኝ መከላከያ።

የመጨረሻው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙዎቹ የትንኝ መከላከያዎች ዲት የሚባል ኬሚካል አለባቸው፤ ፕላስቲክና ጎማ ይበላል። ከካሜራው ርቃችሁ ተቀቡ፣ መዳፋችሁን ጠርጋችሁ ካሜራውን ንኩ።

ደረጃ 5፦ ካሜራውን ቤት ውስጥ አዘጋጁ

ይህን ሜዳ ላይ በጨለማ፣ ጎረቤታችሁ ወሬ ሲያወራችሁ አትሥሩት። ቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ፣ ቁልፎቹን በመዳሰስ እስክታውቋቸው ድረስ ተለማመዱ።

1. ሞዱን «ባልብ» (ሻተሩ እስክትለቁት ድረስ ክፍት የሚቆይበት) ላይ አድርጉ። አንዳንዱ ካሜራ ላይ የሚገኘው በማኑዋል ሞድ የሻተር ፍጥነቱን እያዘገያችሁ 30 ሰከንድን ስታልፉ ነው።
2. ፋይሉን «ሮው» (ካሜራው ያየውን ሳያቀነባብር የሚያስቀምጥ) አድርጉ። ጄፔግ ብቻ ካነሳችሁ የነደደውን ክፍል መመለስ አይቻልም።
3. የረጅም ኤክስፖዠር (ለረጅም ጊዜ ብርሃን የሚገባበት ፎቶ) ኖይዝ ማጥፊያውን ዝጉ። ይህን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። ክፍት ከሆነ ካሜራው ሦስት ደቂቃ ካነሳ በኋላ ሌላ ሦስት ደቂቃ ለራሱ ጨለማ ፎቶ ያነሳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካሜራው አይታዘዛችሁም።
4. የሌንሱን ንቅንቅ መከላከያ አጥፉ። ትራይፖድ ላይ ሲሆን ራሱ ንቅንቅ ሊፈጥር ይችላል።
5. ኋይት ባላንሱን (የቀለም ማመጣጠኛውን) ከአውቶማቲክ አውጥታችሁ «የቀን ብርሃን» ላይ አቁሙት።
6. አውቶማቲክ መጥፊያውን ዝጉ፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉ፣ ፍላሹን አጥፉ።

ከዚያ ሪሞቱን ሰክታችሁ አንድ የሦስት ደቂቃ ፎቶ አንሱ። ቁልፉ ይቆለፋል? ሲለቀቅ ሻተሩ ይዘጋል? የሪሞቱ ባትሪ ደህና ነው? መልሱን ቤት ሆናችሁ እወቁት።

ደረጃ 6፦ ሜዳ ላይ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ጤዛውን ተከላከሉ

ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ሰው ላለበት በረራ ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድማችሁ ድረሱ። ምክንያቱ የመኪና ማቆሚያ ብቻ አይደለም። የፍሎሪዳ ሌሊት እርጥበት የሞላበት ነው። ኤር ኮንዲሽነር ሲነፍስበት የመጣ ቀዝቃዛ ሌንስ ከመኪና እንደወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ላብ ይለብሳል።

የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት መንገድ ኤር ኮንዲሽነሩን አጥፍታችሁ ንዱ፣ ወይም ቦርሳውን ሳትከፍቱ ውጭ አስቀምጡትና ቀስ ብሎ ይሙቅ። ካሜራውን ስትተክሉ የእጅ ማሞቂያውን ከሌንሱ ፊተኛ መስታወት ወደ ኋላ ባለው ቀለበት ላይ በላስቲክ እሰሩት። ከመስታወቱ ጋር አይነካካ፣ የፎከስ ቀለበቱንም አይጫን።

አስቀድሞ ጤዛ ከለበሰ በሸሚዛችሁ ጫፍ አትጥረጉ። ጨውና አሸዋ ስላለው መስታወቱን ይቧጭራል፣ ያዳፍናልም። ማሞቂያውን አስራችሁ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፤ ራሱ ከዳር ወደ መሐል እየጠራ ይሄዳል። ጊዜ ከሌለ የመኪናውን ማሞቂያ ለጥቂት ደቂቃ ከሩቅ አስነፍሱበት።

ትራይፖዱን በእንጨት መተላለፊያ ላይ አትትከሉ። ሰው ሲራመድበት ሳንቃው ይዘላል። አሸዋ ላይ ከሆነ እግሮቹን ወደ ታች ገፍታችሁ አጥብቁ። መሐለኛውን ዘንግ ወደ ላይ አትምዘዙ፤ ቦርሳችሁን ከሥሩ አንጠልጥሉበት፣ ነፋስ ካለ ግን የቦርሳው ታች መሬት ይንካ፣ አለበለዚያ እየተወዛወዘ ካሜራውን ያወዛውዘዋል።

ደረጃ 7፦ ፎከስ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሌንሱ ላይ የተጻፈውን የ«ኢንፊኒቲ» ምልክት አትመኑ፤ ብዙዎቹ ሌንሶች ከምልክቱ ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ናቸው የሚጠሩት።

1. አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ለጊዜው እስከ መጨረሻው ክፈቱ።
2. በስክሪኑ ላይ ማስወንጨፊያው ጋ ያለ ደማቅ መብራት ፈልጉ። ከሌለ ደማቅ ኮከብ ይሆናል።
3. ምስሉን 10 እጥፍ አጉሉት።
4. ፎከሱን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። መብራቱ መጀመሪያ ይጠባል፣ ነጥብ ይሆናል፣ ካለፋችሁት እንደገና ይሰፋል። አንዴ አሳልፉት፣ ከዚያ ተመልሳችሁ በጣም ትንሽ የሚሆንበት ላይ ቁሙ።
5. የፎከስ ቀለበቱን በፕላስተር እሰሩ። የዙም ቀለበቱንም።
6. አንድ የሙከራ ፎቶ አንስታችሁ አጉልታችሁ እዩ።

ፕላስተሩን ስትለጥፉ ቀለበቱ ሊሸሽ ስለሚችል ስድስተኛውን አትዝለሉ። ሊነሳ ግማሽ ሰዓት ሲቀረውም እንደገና አረጋግጡ፤ ሌንሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ፎከሱ ይንሸራተታል። ከታሰረ በኋላ ዙሙን ከነካችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ደረጃ 8፦ ፍሬሙን ያዙ

አድማሱን ከታች አንድ ስድስተኛው ላይ አድርጉና አስተካክሉ፤ የተንጋደደ ባሕር ወዲያው ዓይን ይወጋል። ማስወንጨፊያውን ቅስቱ ከሚታጠፍበት በተቃራኒ በኩል አስቀምጡት። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ከሆነ ማስወንጨፊያው በግራ ሲሶው ላይ ይሁን። በጨለማ የቱ ጋ እንደሆነ ካልለያችሁ በስልካችሁ ኮምፓስ ፈልጉት፦ ከጄቲ ፓርክ ኤስኤልሲ 40 ወደ ሰሜን ነው፣ ከስፔስ ቪው ፓርክ 39ኤ ወደ ምሥራቅ፣ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምፓሱን ከትራይፖዱ ብረት አርቁት።

ደረጃ 9፦ ኤክስፖዠሩን ወስኑ

አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 100። ይህ አይነካም። ሰዓቱም ከ150 እስከ 180 ሰከንድ ስለሆነ የሚለዋወጠው አፐርቸሩ ብቻ ነው።

ፋልከን 9 የሚያነደው ኬሮሲን ነው፣ ነበልባሉ ብርቱካናማና ደማቅ ነው። ከ17 እስከ 23 ኪሎ ሜትር ርቀት ከኤፍ 11 ጀምሩ (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)። በዙሪያችሁ የከተማ ወይም የወደብ መብራት ከበዛ ወደ ኤፍ 14 ወይም 16 ዝጉ። በጎኑ የደረቅ ነዳጅ ሮኬቶች የታሰሩለት ከሆነ፣ ለምሳሌ ቩልካን ወይም የናሳው ኤስኤልኤስ፣ ነገሩ ሌላ ነው፤ እነዚያ ሌሊቱን ቀን ያደርጉታል። ከኤፍ 16 እስከ 22 ዝጉ።

ሰማዩንና የመሬቱን መብራት ለመፈተሽ ሦስት ደቂቃ መጠበቅ አያስፈልግም። አፐርቸሩን የወሰናችሁት ላይ አድርጉ፣ አይኤስኦውን 640 አድርሱ፣ 30 ሰከንድ አንሱ። በአይኤስኦ 100 ሦስት ደቂቃ ካነሳችሁት ጋር ተቀራራቢ ብርሃን ይሰጣችኋል። ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን ከጨለማ እስከ ደማቅ የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ፦ ሰማዩ በግራ በኩል፣ ጨለም ብሎ ግን ከግድግዳው ሳይለጠፍ መሆን አለበት። ሰማዩ አሁኑኑ ግራጫ ከሆነ ሮኬቱ ሲጨመርበት ምንም አይተርፍም፤ አንድ ደረጃ ዝጉ።

ከጨረሳችሁ በኋላ አይኤስኦውን ወደ 100 መልሱ። ጮክ ብላችሁ «መቶ» በሉ። ይስቁባችሁ።

ፀሐይ ከገባች ገና አንድ ሰዓት ካልሞላ ረጅም ኤክስፖዠር አይሠራም። ያኔ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ የሆኑ ፎቶዎችን በተከታታይ አንሱና በኋላ ኮምፒውተር ላይ ደርቧቸው።

ደረጃ 10፦ የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

ፋልከን 9 ነዳጅ መሙላት የሚጀምረው 35 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ነዳጁና ኦክስጅኑ እጅግ የቀዘቀዙ ስለሆኑ ታንኩ ውስጥ ቆመው መጠበቅ አይችሉም፤ መሙላቱ ከተጀመረ በኋላ ቆጠራው ከቆመ ብዙ ጊዜ ለዚያ ሌሊት አበቃ፣ ወይም ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።

10 ደቂቃ ሲቀር አዲስ ባትሪ አስገቡ። 5 ደቂቃ ሲቀር ሌንሱን በባትሪ ብርሃን ከጎን እዩ፣ ጤዛ የለም? ፎከሱ ታስሯል? አይኤስኦ 100? ባልብ? 2 ደቂቃ ሲቀር ከትራይፖዱ አንድ እርምጃ ራቁ፣ ሪሞቱን ብቻ ያዙ።

በስልካችሁ የምታዩትን የቀጥታ ሥርጭት ቆጠራ አትመኑ። ኢንተርኔቱ ከእውነተኛው ጊዜ በብዙ ሰከንድ ይዘገያል፤ ሥርጭቱ «አሥር» ሲል ሮኬቱ ከፊታችሁ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ስልኩ ላይ ያለውን ተራ ሰዓት በሰከንድ እዩ።

ደረጃ 11፦ ሲነሳ

1. ዜሮ ሊሞላ 5 ሰከንድ ሲቀር ሻተሩን ክፈቱና ቆልፉት። ሞተሮቹ የሚቀጣጠሉት 3 ሰከንድ ገደማ ሲቀር ነው።
2. እጃችሁን አንሱ። ካሜራውን አትንኩ፣ ስክሪኑን አትዩ፤ ሰማዩን እዩ።
3. ድምፁን ጠብቁ፣ አትደንግጡ። ሮኬቱ በዝምታ ነው የሚወጣው። ጄቲ ፓርክ ላይ ድምፁ የሚደርሰው ከ50 ሰከንድ ገደማ በኋላ፣ ታይተስቪል ላይ ከኤስኤልሲ 40 ከሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ጉርምርምታ፣ ከዚያ ደረት የሚመታ ፍንዳታ መሰል ተከታታይ ድምፅ። በዚህች ሰዓት ነው ሰው እየዘለለ ትራይፖድ የሚመታው። የናንተን ከልላችሁ ቁሙ፤ ልጆች ካሉ ያዙአቸው።
4. ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን ዋናው ሞተር ይጠፋል፣ ብርሃኑ በድንገት ይሞታል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የላይኛው ክፍል ሞተር እንደ ደብዛዛ ኮከብ ይታያል። ብርሃኑ ሲጠፋ መዝጋት ይቻላል። ክፍተቱንና የሁለተኛውን ቀጭን መስመር ከፈለጋችሁ ሌላ 20 ሰከንድ ጨምሩ።

የታችኛው ክፍል ተመልሶ እዚያው ኬፕ ካናቬራል የሚያርፍ ከሆነ ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ ከተነሳ 6 ደቂቃ ሲሞላው ሻተሩን እንደገና ክፈቱ። 8 ደቂቃ አካባቢ ላይ ያርፋል፤ ተከታታይ ፍንዳታ ስትሰሙ አትሸበሩ፣ የድምፅን ፍጥነት አልፎ የመጣ ዕቃ ነው። ሁለቱን ፎቶዎች ስትደርቡ መሄጃውና መመለሻው በአንድ ምስል ይገጥማሉ። ባሕር ላይ በቆመ መርከብ የሚያርፍ ከሆነ አትጠብቁ፣ በጣም ሩቅ ነው።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ሪሞቱ ሞተ። ሻተሩን 30 ሰከንድ፣ ካሜራውን ተከታታይ ማንሻ ላይ አድርጉ። ጠፍጣፋ ጠጠር ማንሻው ላይ አኑሩና በላስቲክ ወይም በፕላስተር አስራችሁ ተዉት፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። አምስት ስድስቱን ፎቶዎች በኋላ «ላይተን» በሚባለው መደረቢያ አንድ አድርጓቸው። መጋጠሚያዎቹ ላይ ትንሽ ክፍተት ይታያል፣ ያስኬዳል።

አንዱ በባትሪ ሌንሱ ፊት አለፈ። ጥቁሩን ካርቶን ሌንሱን ሳይነካ ከፊቱ ያዙ፣ ሲያልፍ አንሡ። ሮኬቱ ገና ካልተነሳ ዘግታችሁ እንደገና መክፈት ይሻላል።

መሬት አካባቢ ያለው ብርሃን እየነደደ ነው። ሮኬቱ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ብርሃኑ እዚያ ይከማቻል። ልምድ ያላቸው ለጥቂት ሰከንድ ካርቶኑን የሌንሱን ታችኛ ግማሽ በሚከልል መልኩ እያወዛወዙ ያቀልሉታል። ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያሳርፍ ግራ እንዳይገባችሁ፤ በፎቶው ላይ ታች ያለውን የሚከልለው ከሌንሱ ፊት ታች የያዛችሁት ካርቶን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አትሞክሩት፤ አንድ ደረጃ ዘግታችሁ ተገላገሉ።

ደመና መጣ። ዝቅ ያለ ብትንትን ደመና ከሆነ አንሱ፤ ቅስቱ ደመናውን ከውስጥ እያበራ ሲያልፍ ከጥርት ሰማይ የሚያምርበት ጊዜ አለ። ወፍራም ድፍን ደመና ከሆነ ግን በ20 ሰከንድ ውስጥ ይውጠዋል፤ ሻተሩን በ40 ሰከንድ ዝጉ፣ የቀረው ሰማዩን ግራጫ ማድረግ ብቻ ነው።

በስልክ ብቻ ከሆነስ?

ስልኩን ትራይፖድ ላይ እሰሩ፤ በእጅ የተያዘ ስልክ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የመኪና መብራት መስመር የሚያነሳ ሞድ ወይም ረጅም ኤክስፖዠር የሚሰጥ አፕ ተጠቀሙ። ሰፊውን ሌንስ ምረጡ፣ ፎከሱን ሩቅ ላይ ቆልፉ፣ በሰዓት ቆጣሪ አስነሱት። አይኤስኦውን በእጅ ማውረድ ከቻለ እስከ መጨረሻው አውርዱት።

ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ላላችሁ

ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ ፍሎሪዳ ሳትሄዱ ልትለማመዱ ትችላላችሁ። የቨርጂኒያው ዋሎፕስ ደሴት በመኪና ከሦስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በአቅራቢያው ቺንኮቲግ የምትባል ከተማ አለች። ከዚያ የሚነሳው ኤሌክትሮን 18 ሜትር ብቻ የሆነ ትንሽ ሮኬት ስለሆነ፣ 70 ሜትር ለሆነው ፋልከን 9 የጻፍኩትን ቁጥር አትጠቀሙ፤ ከኤፍ 5.6 እስከ 8 ክፈቱ። ሎስ አንጀለስ ላላችሁ የቫንደንበርግ ማስወንጨፊያ ጣቢያ አለ። እዚያ ጠላታችሁ ከፓስፊክ የሚገባው ዝቅ ያለ ጉም ነው፤ ኮረብታ ላይ ውጡ። ፀሐይ በገባች በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት መካከል ከተነሳ ጭሱ ከላይ የፀሐይ ብርሃን ያገኘውና ሰማዩን ሞልቶ ይነፋል፤ ያኔ ባልቡን ተዉት፣ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 800፣ አንድ ሰከንድ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ።

በረራው ከተላለፈ

ይፋ ሳይነገር አትንቀሉ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ስለሸከፈ ብቻ በረራው ቀርቷል ማለት አይደለም። ከተረጋገጠ በኋላ ግን ካሜራውን ወዲያው አጥፉና ባትሪ ቆጥቡ፣ መንገዱ እስኪቀል አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። የፍሬሙን ፎቶ በስልካችሁ አንሱ፣ የትራይፖዱን እግሮች ቦታ ምልክት አድርጉ፣ የወሰናችሁትን አፐርቸር ጻፉ፤ ነገ ማታ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። አዲሱን ሰዓት ግን «ነገ በዚያው ሰዓት» ብላችሁ አትገምቱ። ወደ ጠፈር ጣቢያው የሚሄድ ከሆነ መነሻው በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ገደማ ቀደም ይላል፤ ደረጃ 1ን እንደገና ሥሩት፣ በተለይ አዲሱ ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ተሻግሮ ቀኑን የለወጠ እንደሆነ።